ሳልህ የተስማማ ዕለት

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ሲሄዱ ከመንገዱ በስተቀኝ ቁልቁል ያለችው መንደር ሰው፣ ለሥራ ሲጠሩት ወገቡን ያመዋል፤ ለመስማማት ሲጠሩት ግን የሚቀድመው የለም። ጠዋት አንዱ ተነሥቶ «ዘንድሮ ዝናቡ ይጠፋል» ካለ ሁሉም ይጠፋል ይላል። ከሰዓት በኋላ ሌላው «ኧረ ይዘንባል» ቢል ያው ሰው፣ ያውም ሳያፍር፣ «እንዴታ፣ ይዘንባል እንጂ» ይላል። ጣሊያን ሮቢት የገባ ጊዜ ማንም ሳያዛቸው ነጭ ጨርቅ በዱላ ጫፍ አስረው መንገድ ዳር የተሰለፉት እነሱ ናቸው። ክንድን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ሰላምታ መስጠትን በአንድ ጠዋት ተማሩት። አርባ ዓመት ቁርዓን ቤት የተመላለሰው ሁሉ አንድ ምዕራፍ በቃሉ ሳይዝ፣ ይህችን ግን አልረሳትም።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል እንቢ የሚለው ሳልህ ብቻ ነበር። እንቢ ማለት ለሳልህ እንደ ጫት ሱስ ነበር፤ ያላለ ቀን ራሱን ያመዋል። መንደሩ ማሽላ ሲዘራ እርሱ ሰሊጥ ይዘራል፤ ሰሊጡ ተበላሽቶ የጎረቤቱ ማሽላ ሲያምር እንኳ «ማሽላ ብዘራ ኖሮ ይብስ ነበር» ብሎ ይከራከራል። ሰዉ ከብቱን ከላይኛው ወንዝ ካጠጣ እርሱ ከታችኛው ያጠጣል። ጣሊያንን ሊቀበሉ የወጡ ዕለትም ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ጫቱን ሲቅም ዋለ። ይህን እንደ ጀግንነት ሊቆጥርለት የፈለገ ካለ ይቁጠርለት፤ እርሱ ግን ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ቢሰጥ ኖሮ ያን ቀን ፊቱን ማዞሩ አይቀርም ነበር።

ስለዚህ «ሳልህ እንቢ» አሉት። ከስሙም አልፈው ነገሩን መለኪያ አደረጉት። አንድ ጉዳይ ሲያከራክራቸው «ሳልህ ምን አለ?» ይባላል። «እንቢ አለ» ከተባለ «በሉ እንግዲህ ልክ ነው» ብለው ይበተናሉ። ሳልህ ይህንን ሲሰማ ይኮራ ነበር። ሚስቱ መሊካ ግን አልወደደችውም።

«እንቢህን እንደ ውሃ አትድፋው» ትለው ነበር። «የሚያስፈልግህ ቀን ሲመጣ የሚሰማህ ታጣለህ።»

«እንቢ» ይላታል።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ማሽላው ታጭዶ በየአውድማው በተከመረ ሰሞን፣ መንገድ ዳር የተዘረጋው የስልክ ሽቦ ከአንዱ እንጨት እስከ ሌላው ጠፋ። ጠፋ ይባላል እንጂ የት እንደ ገባ ያላወቀ የመንደር ሰው አልነበረም። አንዱ ጫፉን ሲይዝ ሌላው መሀሉን ያዘ፣ የቀረውም የቀረውን። ጥሩ መዳብ ነበርና ሁሉም ድርሻውን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ቀጥቃጩ ወደ ሰይፉ ቤት ወሰደ። ሰይፉ ለየሚስቶቻቸው አምባር አድርጎ ሠራላቸው። በሳምንቱ ውሃ የሚቀዳው ሴት ሁሉ ክንዱ ያብለጨልጭ ነበር። የጭቃ ሹሙ የአብዱረሂም ወጣት ሚስት ራቢዓማ እስከ ክርኗ ደረደረችው። ያለ አምባር የቀረችው መሊካ ብቻ ነበረች፤ ሳልህ «ሁሉ ያደረገውን አላደርግም» ብሏላ። ሰሞኑን አኩርፋው ሰነበተች።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የዚያ መንደር ሰው ተረቱን በራሱ መንገድ ተረድቶት ነበር፦ ጌጡን ለሃምሳ ተካፈለው፤ ሸክሙ ሲመጣ ግን አንድ ሰው ፈለገለት።

ሸክሙ የመጣው ከሮቢት ነው። የጣሊያኑ ሹም አስካሪ ወታደሮቹንና አስተርጓሚውን አስከትሎ ወርዶ፣ አብዱረሂምን በፀሐይ አቁሞ በአስተርጓሚው አፍ እንዲህ አለው፦ ሽቦውን የቆረጠ ሰው እስከ ጁምዓ ይቅረብ፤ ከስልኩ እንጨት ላይ እሰቅለዋለሁ። ካልቀረበ በየአውድማው ያለውን ማሽላ በሙሉ አቃጥላለሁ። ያ ማሽላ ከተቃጠለ ክረምቱን የሚሻገር ቤት አልነበረም። አብዱረሂም ክንዱን ወደ ላይ አቅንቶ እሺ አለና ለአውጫጭኝ አዋጅ አስነገረ።

አውጫጭኝ የጥንት ወግ ነው። የመንደሩ ወንድ ሁሉ በአንድ በረት ይገባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ መውጣት የለም። እያንዳንዱ ተራ በተራ ወደ ሽማግሎቹ ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይናገራል። «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ማን እንደ ሆነች አይጠየቅም። ሽማግሎቹም ማን ምን እንዳለ እስከ መቃብር አያወጡም። ለፈሪ ሰው ከዚህ የሚመች ፍርድ አልተፈጠረም፦ ጎረቤቱን ሊያሰቅል ይችላል፣ ማታ ደግሞ ለቅሶ ይደርሳል።

ሰዉ በአብዱረሂም በረት ገብቶ በየቡድኑ ተቀመጠ። ሰይፉ ለብቻው አንዲት የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ከደጋ የወረደ ክርስቲያን ነው፤ በዚያ ላይ ቀጥቃጭ ነው። ማረሻቸውን የሚስልላቸው እርሱ ሆኖ ሳለ ቡዳ ነው እያሉ አጠገቡ አይቀመጡም። ሰይፉም ለምዶታል። ለሁሉም ብድግ እያለ፣ ለልጅ ለአዋቂው አንቱ እያለ ነው የሚኖረው። ያን ዕለትም ዓይኑ ከማንም ጋር በገጠመ ቁጥር ፈገግ ይላል።

ሹክሹክታው ከበሩ ጀምሮ በረቱን ዞረው። ሳልህ ጋ የደረሰው በጎረቤቱ በኢብራሂም አፍ ነው።

«ያው እንግዲህ ሰይፉ ነው» አለ ኢብራሂም ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ።

«ምኑ ነው ሰይፉ?»

«የቆረጠው። ብረት የሚያውቅ እሱ፣ ጉጠት ያለው እሱ። ደሞ ዘመድ የለው፣ ደም የሚመልስ የለው። ሰው ሁሉ ተስማምቷል።»

«አንተ ስንት ክንድ ወሰድክ?»

ኢብራሂም መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «አሁን ይኼ ምን ያደርጋል? ማሽላው ይቃጠል ነው የምትለው?»

ሳልህ ተናደደ። ሰይፉን ይወደው ነበር ማለት አይቻልም። ያ ለሁሉ ብድግ ብድግ ማለቱ ያስጠላው ነበር፤ «ወገብ የለውም» ይል ነበር። ነገር ግን ሽቦውን በየነጠላቸው ሸፍነው ያመጡለትን ሰዎች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። አሁን እነዚያው ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ዓይናቸውን ሰብረው፣ ለሐዘን እንደ ተቀመጠ ሰው መስለው ተቀምጠዋል። ተራው ሲደርስ በረጅም እርምጃ ወደ ሽማግሎቹ ሄደ።

የሽማግሎቹ አለቃ ሸህ አብዱልፈታህ ነበሩ። «በል ሳልህ፣ ወፏ ምን አለችህ?» አሉት።

«ለኔ የነገረችኝ ወፍ የለችም። ሽቦው በየቤቱ ነው፣ እርስዎም ያውቃሉ። ሰይፉን ብትሰጡ የሰው ነፍስ ነው የምታጠፉት። እኔ እንቢ ብያለሁ።»

ሸህ አብዱልፈታህ ወደ ጎን ወዳለው ሽማግሌ ዞሩ። ፊታቸው በራ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤን ትንሽ ሲከነክነኝ ነበር። ሳልህ እንቢ ካለ ግን ነገሩ ልክ ነው።»

ሳልህ ቀልድ መስሎት ቆመ። ሸሁ ግን አልቀለዱም፤ ከልባቸው ነው ያረፉት። እስከ መቃብር የሚባለው ምስጢር ተረስቶ፣ ወደ ቦታው ሳይመለስ ወሬው ቀድሞት ነበር። «ሳልህ እንቢ አለ» ይባባላሉ። እስከዚያ ድረስ ከንፈራቸውን ሲነክሱ የነበሩ ጥቂት ሰዎች፣ ምናልባት ትንሽ ኅሊና የቀራቸው፣ አሁን እፎይ ብለው እግራቸውን ዘረጉ። እንቢታው እነሱን ነፃ አወጣቸው፤ የሰይፉን አንገት ደግሞ አጠበቀው።

ሳልህ ተቀመጠ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ አፉ አስፈራው። ስንት ዓመት በሰሊጥና በማሽላ፣ በላይኛውና በታችኛው ወንዝ ሲያባክነው የኖረው ቃል ዛሬ ባዶ ነበር። ከባዶም የባሰ ነበር። ሌላ ሰው ተነሥቶ እንቢ ቢል ይሰሙት ይሆናል፤ እርሱ ባለ ቁጥር ግን ሰይፉ ወደ እንጨቱ አንድ እርምጃ ይቀርባል። ቢጮህ፣ ቢያለቅስ፣ ቁርዓን ይዞ ቢምል ያው ነው። በረቱን ዙሪያውን ቃኘ፦ ሌላ ሰው አይነሣም። ጆሮው ሥር ኢብራሂም ያዛጋል።

ተስፋ ቆርጦ ሲያያቸው ግን አንድ ነገር ታሰበው። እነዚህ ሰዎች ነገርን መርምረው አያውቁም። ሳልህ ያለበትን አይተው ከዚያ ማዶ መቆም ብቻ ነው የሚያውቁት። እንግዲያው የሚቆምበትን እርሱ ነው የሚመርጠው።

ብድግ አለ።

«ጀማዓ፣ አንድ ነገር ልናገር» አለ።

ሰዉ ፈገግ ማለት ጀመረ። የተለመደውን ጠበቁ።

«የተባለው ልክ ነው» አለ ሳልህ። «አስቤበት ነው። እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ። ሽቦውን የቆረጠው ሰይፉ ነው።»

ቁርቁራው ሥር ሰይፉ ስሙን ሰምቶ ተነሥቶ ቆመ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደ ቀረ ነው።

«ገመዱን እኔ አመጣለሁ» ቀጠለ ሳልህ። «ሮቢት ድረስ እየነዳሁ የማደርሰውም እኔ ነኝ። ምን እንጠብቃለን? ለጠልያኑ ሹም ይሰጥና ይመርመር። ሹሙ ማናገር ያውቅበታል፣ አንድ የሚቀር ነገር የለም።»

ኢብራሂም አንገቱን አቅንቶ አየው። «ሳልህ፣ ተስማማህ?»

«ተስማማሁ።»

«ለምን?»

«ሁላችሁም ስለ ተስማማችሁ።»

ይህን ማንም አላመነም። በዚያ በረት ከነበረው ሰው ሁሉ ከዚህ ሌላ ምክንያት የነበረው አልነበረም፤ ከሰው አፍ ሲሰሙት ግን ውሸት መሆኑ ወዲያው ታያቸው። ጉርምርምታው ተነሣ። ይኼ ሰውዬ ነገር አለው። ሳልህ የተስማማበት ነገር ደግ ሊሆን አይችልም። ምን ያገኛል? ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«የሱ ሚስት እኮ አምባር የላትም።»

ጭንቅላት ሁሉ ዞረ። የበረቱ ሰው ሁሉ በዚያ ቅጽበት በዕድሜው አስቦ የማያውቀውን ያህል አሰበ። ሰይፉ ይያዛል። ይገረፋል። ሽቦውን የት አደረስክ ይባላል። ሰይፉም የማን የማን ሚስት ክንድ ላይ እንዳለ ያውቃል፤ የለካው እርሱ ነው። የሚናገርባቸው ሁሉ ከነሚስቶቻቸው ይለቀማሉ፤ ሳልህ ብቻ አውድማው ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል። ለካስ ይኼን አስቦ ነው። አብዱረሂም የራቢዓ ክንድ እስከ ክርኗ ትዝ ሲለው ግንባሩን አላበው።

«ወፏ እንደገና ትጠየቅ» አለ ተነሥቶ።

«ምን ያስጠይቃታል፣ አንዴ ተናግራለች» አለ ሳልህ። «ሰይፉ ነው።»

«ወፍም ፍጡር ናት፣ ትሳሳታለች» አሉ ሸህ አብዱልፈታህ። «በሰው ነፍስ መቸኮል ሐራም ነው።»

ከጥቂት ጊዜ በፊት አልሐምዱሊላህ ያሉት እኒሁ ሸህ ናቸው። አሁን ሐራሙ ከየት እንደ መጣላቸው አላህ ይወቅ። ያን ሲሉ ግን ሰዉ ሁሉ «ሐቅ ነው፣ ሐቅ ነው» አለ። «ምስኪን ሰው ነው፣ ማረሻችንን ይስላል» አለ አንዱ። «ጎረቤት አሳልፎ መስጠት ነውር ነው» አለ ሌላው። ኢብራሂም ደግሞ መፋቂያውን ጆሮው ላይ ሰክቶ «እኔ እያለሁ ሰይፉን የሚነካው የለም» አለ።

ታዲያ ሽቦውን ማን ወሰደው? ሁለተኛዋ ወፍ ብዙም አልዘገየችም፤ ግመል ነው አለች። ረጅም እንጨት የጫነ የመንገደኛ ግመል ሽቦውን ጠልፎት እየጎተተ ወደ በረሃ ይዞት ሄደ። ሳልህ «የምን ግመል፣ ሰይፉ ነው» ብሎ ጮኸ። በጮኸ ቁጥር ግመሉን ያየ ሰው በዛ። አንዱ ሲያጓራ ሰምቶታል። ሌላው ቀለሙን ያውቃል፦ ነጣ ያለ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ነው። ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ ሲበቃው ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ቁርቁራው አይቶ ነበር። ሰይፉ ዓይኑን ሳይነቅል እርሱን ያየዋል። ሳልህ ሁለተኛ ወደዚያ አላየም።

አስተርጓሚው ግመሉን ለሹሙ ተረጎመለት። ሹሙም ሰነፍ ስለ ነበር ነገሩን ወደደው፤ በእርሱ ግዛት ሽቦ የሚቆርጥ ሽፍታ አለ ብሎ ለአለቆቹ ከሚነግር፣ ግመል አለ ቢል ይሻለው ነበር። ማሽላውን ተወላቸው። በምትኩ እስከ በልግ ድረስ የመንገድ ድንጋይ አስፈለጣቸው። እነሱም ክንዳቸውን ወደ ላይ አቅንተው ፈለጡ። አምባሩ ሁሉ በየጉድፍ መጣያው ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ የዚያች መንደር ሰው ስለ ራሱ የሚያወራው ሌላ ሆነ። ድንጋይ ሲፈልጥም፣ ጫት ሲቅምም፣ ሰርግ ላይም ወሬው ያው ነው፦ ሳልህ ሰይፉን ሊያሰቅል ተነሣ፣ እኛ ግን እንቢ አልን። አንድም ሰው አልነበረም ወፏን አስታውሶ ያፈረ። እያደር የራሳቸውን ወሬ አመኑት፤ ሲያምኑት ደግሞ ደረታቸው ሰፋ። አንዳንዱ እንዲያውም ስለ ጀግንነቱ ሳልህን ራሱን ይመክረው ነበር።

ሳልህ እውነቱን መናገር አይችልም። ግመሉ ውሸት መሆኑ አንድ ቀን ከተሰማ ሹሙ ይመለሳል፤ ማሽላውም ሰይፉም አይተርፉም። ለሚስቱም አልነገራት። መሊካን ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሰላም ማለት ተዉ። አንድ ማታ እንስራዋን አስቀምጣ፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠችው ተናገረችው።

«ስንት ዘመን ሰው ሁሉ እሺ ሲል እንቢ አልክ። ቻልኩት። ሰው ያን ምስኪን አንሰጥም ብሎ እንቢ ያለ ቀን ግን እሺ የምትል አንተ ነህ። ያቺን ቀን እንኳ እንቢ ብትል ምናለበት?»

ሳልህ ምግቡን ሳይነካ አደረ።

በልግ ሲደርስ ማረሻው ዶልዱሞ ነበርና ይዞት ወደ ሰይፉ ቤት ሄደ። እዚያ ሰው ሞልቷል። ዱሮ ብረታቸውን በር ላይ ጥለው የሚሸሹት ሁሉ አሁን ወናፉ አጠገብ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ያዳኑትን ሰው ማየት ደስ ይላቸዋል። ሰይፉ ሳልህን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ። ብድግ አላለም።

«ለአንተ እሳት አላነድም» አለው።

አንተ አለው። ሰይፉ በዚያ መንደር ለማንም አንተ ብሎ አያውቅም።

«በዚያ በረት የነበረው ሰው ሁሉ ወንድሜ ነው» አለ ሰይፉ። ቀና ብሎ ነው የሚናገረው። «ወገኔ አይደሉም፣ ሃይማኖታቸውም ሌላ ነው፤ ግን አንድም ሰው ስሜን አልጠራም። አንተ ብቻ ጠራኸው። ልጆቼ ስምህን ያውቁታል፤ ሲያድጉም እነግራቸዋለሁ።»

ተቀማጮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኢብራሂም ከሁሉ አብልጦ ነቀነቀ። ሳልህ አንድ በአንድ አያቸው። አንድም የዓይን ሽፋሽፍት አልተርገበገበም። አንድ ቃል አፉ ላይ መጣ፤ ከበላያቸው መንገዱ ዳር አዲሱ ሽቦ ተወጥሮ ይታያል፣ ሥሩም ሁለት አስካሪዎች ተቀምጠዋል። ቃሉን ዋጠው።

«ልክ ነህ» አለው።

ማረሻውን ትከሻው ላይ መልሶ ወጣ። ሌላ ቀጥቃጭ ያለው ማጀቴ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ከአጥሩ ሳይርቅ የወናፉ ድምፅ እንደገና ተነሣ። ኢብራሂም ለሥራው ዋጋ የያዘውን ማሽላ ሲያቀብል ሰይፉ የሚለው ይሰማዋል።

«ኧረ ምን በወጣዎት ጋሼ ኢብራሂም፣ ማሽላዎን ይመልሱት። እኔ ከእርስዎ እቀበላለሁ እንዴ?»

«አላህ ይስጥህ» አለ ኢብራሂም፤ ማሽላውንም መለሰው።